ስለ ብልና ስለ ልብስ አጠባበቅ ታሪክ



በኢዮቤልዩ በዓል መጽሐፍ ውስጥ የነገሥታትና የመኳንንት፤ የአድባራትና የሊቃውንት ታሪክ መጻፉ የተለመደና የሚገባ ነው። እኛ ግን ከዚህ ታላቅ ታሪክ አጠገብ ስለ አንድ ታናሽ ፍጥረት ልንጽፍ ወደድን። ይህም ፍጥረት ብል ነው። «በዓል በሚከበርበት መጽሐፍ ስለ ብል መጻፍ ምን ይጠቅማል?» የሚል ቢኖር፤ መልሳችን ይህ ነው። እሳትና ዘራፊ በዕቃ ቤት ላይ የሚመጡት በዘመናት መካከል አንዳንድ ጊዜ ነው፤ ብል ግን በየዓመቱ ድምፁን ሳያሰማ ይመጣል። አባቶች ከብዙ መከራ አድነው ያወረሱንን ካባና መጋረጃ እኛ በቸልታ ለብል ብንሰጥ፤ የሚወቀሰው እንስሳው ሳይሆን ጠባቂው ነው።

ሁለተኛም ምክንያት አለን። ብልን ለማጥፋት ሰው ብዙ ዓይነት መርዝ ሲሠራ ኖሯል፤ ከመርዙም አንዳንዱ ከብሉ ይልቅ ሰውን የጎዳ ሆኖ ተገኘ። ስለዚህ የልብስ አጠባበቅ ታሪክ፤ በአንድ በኩል የትጋትና የቸልታ ታሪክ፤ በሌላውም በኩል የርኅራኄና የጭካኔ ታሪክ ነው። ልብሳችንን እየጠበቅን፤ ያለ አስፈላጊ ምክንያት ነፍስ ያለውን ፍጥረት ሳናሠቃይ መኖር ይቻላልን? ይህን ጥያቄ በዚህ ጽሑፍ እንመረምራለን።

ስለ አገራችን ልብስ

የወልዲያና የመርሳ፤ የሐብሩም አገር አቀማመጥ ደጋና ቆላ የሚገናኙበት ነው። ከደሴ በሐይቅና በውጫሌ፤ በውርጌሳና በመርሳ አልፎ ወደ ወልዲያ የሚመጣው መንገድ የተራራውን ግርጌ ተከትሎ ይሄዳል። በምሥራቅ በኩል አገሩ ወደ ሞቃቱ ቆላ ይወርዳል፤ በምዕራብ በኩል ደግሞ የደላንታና የዋድላ፤ የመቄትና የላስታ ደጋ ከፍ ብሎ ይታያል። ስለዚህ በአንድ ገበያ ላይ የቆላው ጥጥና የደጋው የበግ ጠጕር ጎን ለጎን ሊታዩ የቻሉበት አገር ነው።

ከጥጥ የሚሠሩት ነጠላና ኩታ፤ ጋቢና ቡልኮ ናቸው። ከበግ ጠጕር የሚሠሩት ግን የደጋ ሰው ብርድ የሚከላከልባቸው ባናና በርኖስ፤ ዝተትና ማቅ ናቸው። የበጉ ጠጕር ተሸልቶ፤ ተፈልፍሎና በእንዝርት ተፈትሎ፤ ከዚያም በሸማኔ እጅ ይሠራል። የቆሎ ተማሪም የሚለብሰው ደበሎ ከነጠጕሩ የሚቀር የበግ ቆዳ ነው። ከዚህ በኋላ በ1957 ዓመተ ምሕረት በደብረ ብርሃን የሱፍ ፋብሪካ ሲቋቋም፤ በፋብሪካ የተሠራ ብርድ ልብስ በየቤቱ ገባ። በቅርብ ዘመን ደግሞ ሰልባጅ የሚባለው የባሕር ማዶ ልባሽ ልብስ፤ በተለይም የሱፍ ካፖርትና ሹራብ፤ በየገበያው ተዘረጋ።

የቤተ ክርስቲያን ልብስ ግን ሌላ ታሪክ አለው። ሐርና ግምጃ፤ ከፋይና ወርቀ ዘቦ ከሩቅ አገር በቀይ ባሕር በኩል በነጋዴ እጅ የሚመጡ ነበሩ። ከ1520 እስከ 1526 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በአገራችን የቈየው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ፤ በአብያተ ክርስቲያናት ያየውን የሐርና የግምጃ መጋረጃ በጽሑፉ አስታውሷል። በዛሬው ወሎ ምድር የነበረችው መካነ ሥላሴም በብዙ ሀብት ያጌጠች ነበረች፤ ነገር ግን በ1531 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በግራኝ አሕመድ ጦርነት ጊዜ ተቃጠለች። በ1860 ዓመተ ምሕረትም የእንግሊዝ ጦር መቅደላን ሲይዝ፤ ብዙ የብራና መጽሐፍና ልብሰ ተክህኖ ተጭኖ ወደ ባሕር ማዶ ሄደ። ከመቅደላ የተወሰደ አንድ ጥልፍ ያለው የንግሥት ቀሚስ ዛሬም በለንደን ከተማ በቪክቶሪያና አልበርት ቤተ መዘክር ይገኛል።

ይህን ሁሉ ማስታወሳችን ሐዘን ለመቀስቀስ አይደለም። በእሳትና በጦር የጠፋውን መመለስ ከእኛ ኃይል በላይ ነው፤ በእጃችን ያለውን ከብል መጠበቅ ግን በእኛ ትጋት ላይ የተመሠረተ ነው ለማለት ነው። ቤተ መዘክሮቹ የያዙትን ልብስ ከብል የሚጠብቁት በዋናው በንጽሕናና በቅዝቃዜ፤ በተደጋጋሚም ምርመራ ነው። ይህ ጥበብ በጥቂቱ ለእኛም ዕቃ ቤት የሚቻል ነው።

ስለ ብል ጠባይ

ብል ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው በልብስ ላይ የሚታየውን ቀዳዳ ነው እንጂ እንስሳውን አይደለም። ጠላቱን የማያውቅ ሰው ደግሞ በከንቱ ይደክማል፤ በደል የሌለውንም ይገድላል። ስለዚህ አስቀድሞ ጠባዩን ማወቅ ይገባል።

ልብስ የሚበላው ብል በዕድሜው አራት መልክ አለው፤ እንቍላል፤ ትል፤ በድር ተጠቅልሎ የሚተኛ፤ በመጨረሻም ክንፍ ያለው። ክንፍ ያለው ብል የገለባ ዓይነት ወርቃማ መልክ አለው፤ ርዝመቱም ከ6 እስከ 8 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። የሚያስደንቀው ነገር፤ ይህ ክንፍ ያለው ብል የሚበላበት አፍ የለውም። ጥቂት ሳምንታት ብቻ ኖሮ ይሞታል። እናቲቱም በዚህ አጭር ዕድሜዋ 40 ወይም 50 ያህል እንቍላል፤ አንዳንድ ጊዜም ከዚያ የበለጠ፤ በልብሱ እጥፋትና በስፌቱ መካከል ትጥላለች። ልብሱን የሚበላው ከእንቍላሉ የሚወጣው ነጭ ትል ነው። በቤት ውስጥ ሲበር የምናየው አብዛኛውን ጊዜ ወንዱ ነው፤ እናቲቱ ከመብረር ይልቅ መሮጥን ትመርጣለችና። እንግዲህ በአየር ላይ የሚበረውን ብል እያጨበጨበ የሚገድል ሰው ልብሱን አላዳነም ማለት ነው።

ትሉ የሚበላው በጠጕርና በላባ፤ በቀንድና በጥፍር ውስጥ የሚገኘውን፤ ሊቃውንት ኬራቲን የሚሉትን ጠንካራ ነገር ነው። ይህን ነገር ሊያፈርስ የሚችል እንስሳ ጥቂት ነው። ስለዚህ ባናና በርኖስ፤ ደበሎና ሥጋጃ፤ ከፈረስ ጭራ የተሠራም ጭራ ለብል የተዘጋጁ ማዕድ ናቸው። ሐርም ላብና ቅባት፤ የሰምና የምግብ ጠብታ ካለበት አያመልጥም። ንጹሕ ጋቢና ነጠላ ግን ጥጥ ስለ ሆኑ ለብል ምግብ አይሆኑም። በንጹሕ ጋቢ ላይ ቀዳዳ የታየ እንደ ሆነ፤ ብልን ከመክሰስ በፊት ምስጥን ወይም አይጥን መመርመር ይገባል።

ሌላም መለየት የሚገባ ነገር አለ። ማታ ወደ መብራት እየበረረ የሚመጣው የእሳት እራት የልብስ ብል አይደለም። የልብስ ብል ብርሃንን ይሸሻል፤ ጨለማንና ጸጥታን ይወዳል። ስለዚህ በመብራት ዙሪያ የሚዞረውን የእሳት እራት ስለ ልብስ ብለን መግደል፤ በሌላ ሰው ዕዳ ሌላውን መያዝ ነው። መብራቱን ማጥፋት ወይም መስኮቱን መዝጋት ይበቃል።

ሙቀትም ለብል ታላቅ ረዳት ነው። በሞቃት ስፍራ ከእንቍላል ተነሥቶ ክንፍ እስኪያወጣ ሁለት ወር ያህል ይበቃዋል፤ በቀዝቃዛ ስፍራ ግን ከዓመት በላይ፤ እስከ ሁለት ዓመትም ሊቈይ ይችላል። ከዚህ የተነሣ ከደላንታ ወይም ከመቄት ደጋ ወደ ወልዲያና ወደ መርሳ የወረደ ባና፤ በደጋው ቤት ከነበረበት ይልቅ በቆላው ቤት ፈጥኖ ሊጐዳ ይችላል። የደጋ ሰው በየሌሊቱ ባናውን ይለብሰዋልና ብል ዕረፍት አያገኝም፤ የቆላ ሰው ግን ሙቀት ስላለው ለብዙ ወራት አጥፎ ያስቀምጠዋል። ለብል የተመቸው ሙቀቱና የተጣለ ልብስ በአንድነት ሲገናኙ ነው።

ነገር ግን ብል ከመጀመሪያው የሰው ጠላት ሆኖ የተፈጠረ አይደለም። በዱር የሚኖርበት ስፍራ የወፍ ጎጆና የአውሬ ዋሻ፤ የሞተ እንስሳም ጠጕር ነው። ሌላው እንስሳ ሊፈጨው ያልቻለውን ጠጕርና ላባ በልቶ ወደ አፈር የሚመልስ የምድር ጠራጊ ነው። በ1823 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በሊቃውንት መዝገብ ስም የተሰጠው ድር ሠሪው የልብስ ብል፤ መነሻው አፍሪካ ሳይሆን እንዳልቀረና ወደ አውሮፓ የገባውም በ18ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ገደማ ሊሆን እንደሚችል ተመራማሪዎች ጽፈዋል። በዱር ጠራጊ የሆነው በሣጥናችን ውስጥ አጥፊ የሆነው፤ እኛ የበግ ጠጕር ሰብስበን በጨለማ ስላስቀመጥንለት ነው።

ስለ ቀደሙት ሰዎች ጥበቃ

ቅዱሳት መጻሕፍት ብልን ብዙ ጊዜ ያነሡታል። በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 6 ብል ከዝገትና ከሌባ ጋር ተቈጥሮ ይገኛል። ልብስ በተከማቸበት ዘመን ሁሉ ብል የታወቀ ስለ ነበረ፤ ሰውም ከጥንት ጀምሮ መከላከያ ሲፈልግ ኖሯል።

በአገራችን የታወቀው የመጀመሪያው መከላከያ ፀሐይና ነፋስ ነው። ክረምቱ አልፎ ሰማዩ ሲጠራ በየቤቱ ልብስ ከሣጥን ይወጣል፤ ይራገፋል፤ በገመድ ላይም ይሰጣል። ይህ ልማድ በሊቃውንት ምርመራ የጸና ሆኖ ተገኝቷል። ብርሃን ሲያገኘው ትሉ ልብሱን ትቶ ይወድቃል፤ መራገፉና በብሩሽ መጠረጉም በልብሱ ላይ በቀላሉ የተቀመጡትን እንቍላሎች ያረግፋቸዋል። እንቍላሉ ሳይፈለፈል ከረገፈ፤ ሊሠቃይ የሚችል ትል ገና አልተገኘም። ስለዚህ ከመከላከያዎች ሁሉ ርኅሩኁ ይህ ነው።

ሁለተኛው መከላከያ ሽታ ነው። ጥድ በደጋው አብያተ ክርስቲያናት ዙሪያ የሚገኝ የተከበረ ዛፍ ነው፤ ከእርሱ የተሠራ ሣጥንም ልብስ ይጠብቃል ተብሎ ይወደዳል። አርቲና ጤና አዳም፤ ጭቁኝም ለመልካም ሽታቸው በልብስ መካከል ይቀመጣሉ። ጥንጁትና ወይራ ደግሞ ዕቃ የሚታጠንባቸው ናቸው። እውነቱን ለመናገር፤ የሽታ ኃይል ውሱን ነው። የእኛ ጥድ ዘመድ የሆነው የአሜሪካ ጥድ ተመርምሮ፤ ሽታው ትንንሾቹን ትሎች እንጂ ያደጉትን እንደማይገታ፤ እንጨቱም በዘመን ብዛት ሽታውን እንደሚያጣ ታውቋል። ስለዚህ የጥድ ሣጥን መልካም ሣጥን ነው፤ ነገር ግን የቆሸሸ ልብስ ተጨምሮበት ከተዘጋ አይጠብቅም። የሣጥኑ ጥቅም ከሽታው ይልቅ ክዳኑ አጥብቆ በመግጠሙ ነው።

ሦስተኛው መከላከያ እጥበት ነው። ሳሙና በገበያ ሳይበዛ የአገራችን ሰው ነጭ ልብሱን በእንዶድ ያጥብ ነበር። ስለ እንዶድ ሁላችን ልናውቀው የሚገባ አንድ ታሪክ አለ። በ1964 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ዶክተር አክሊሉ ለማ የተባሉት ኢትዮጵያዊ ሊቅ በአድዋ ሳሉ፤ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ስፍራ በታች በወንዙ ውስጥ የቀንድ አውጣዎች በብዛት ሞተው አገኙ። ቀንድ አውጣው ቢልሃርዝያ የሚባለውን በሽታ የሚያስተላልፍ ስለ ሆነ፤ ይህ ግኝት ለሰው ጤና ታላቅ ተስፋ ሰጠ፤ እርሳቸውና ዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስም በ1989 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ራይት ላይቭሊሁድ የሚባለውን ሽልማት ተቀበሉ። ለእኛ ለጉዳያችን ደግሞ ሌላ ትምህርት ይሰጠናል። ልብስ ማጠብ የሚያህል ንጹሕ ሥራ እንኳ እጣቢው ወደ ወንዝ ከወረደ ዓሣንና ሌሎችን የውኃ ፍጥረታት ይገድላል። ስለዚህ እጣቢን በመርሳ ወንዝም ሆነ በሌላ ምንጭ ሳይሆን፤ ከውኃ ርቆ በደረቅ መሬት ላይ ማፍሰስ ይገባል።

ስለ መርዝ ዘመን

በሃያኛው መቶ ዓመት ሰው ከፀሐይና ከብሩሽ ይልቅ በመርዝ መታመን ጀመረ። ናፍታሊን የሚባለው ነጭ እንክብል በየሱቁ ተሸጠ። ናፍታሊን በጥብቅ በተዘጋ ሣጥን ውስጥ በብዛት ካልተደረገ ብልን አያጠፋም፤ እንዲህ ከተደረገ ደግሞ ትነቱ ለሰው ጤና አይስማማም። ሕፃን ከረሜላ መስሎት ቢውጠው ቀይ የደም ሕዋሳትን ይሰብራል፤ በናፍታሊን የተቀመጠ ልብስ ሳይናፈስ ለሕፃን ማልበስም አደገኛ ነው። ልብሱን ለማዳን ልጁን አደጋ ላይ መጣል ከንቱ ትርፍ ነው።

የዲዲቲ ታሪክ ከዚህ ይልቅ ያስተምራል። በስዊስ አገር ጋይጊ የሚባለው ኩባንያ ሱፍን ከብል የሚጠብቅ መድኃኒት ሲፈልግ የኖረ ነበር። ከሠራተኞቹ አንዱ ፓውል ሙለር በ1939 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ዲዲቲ ነፍሳትን እንደሚገድል አገኘ፤ ስለዚህም በ1948 የኖቤልን ሽልማት ተቀበለ። መድኃኒቱ ወደ አገራችን ሲመጣ ዋና ሥራው ወባን መከላከል ነበር። በ1950ዎቹ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር የወባ መከላከል ሙከራ ከተደረገባቸው ስፍራዎች አንዱ የእኛ ጎረቤት የሆነው የቆቦና የጨርጨር አገር ነው። በ1958 የተነሣው የወባ ወረርሽኝ በኢትዮጵያ 150,000 ያህል ሰው እንደ ገደለ ይገመታል። ስለዚህ በቤት ግድግዳ ላይ ዲዲቲ የረጩ ሰዎች የብዙ ሕፃናትን ነፍስ አድነዋል፤ ምስጋናም ይገባቸዋል። ነገር ግን ዲዲቲ በአፈርና በእንስሳት ስብ ውስጥ ለብዙ ዓመት የማይጠፋ፤ ከነፍሳት አልፎ አሞራንና ዓሣን የሚጐዳ መሆኑ ኋላ ታወቀ።

ከዚህ ታሪክ አንድ ሚዛን እናገኛለን። የወባ ትንኝ ሰው ይገድላልና እርሷን መግደል ራስንና ልጅን መከላከል ነው። ብል ግን ሰው አይነክስም፤ በሽታም አያመጣም። ጥፋቱ ሁሉ በእንዝህላልነት በተጣለ ልብስ ላይ ነው። በብሩሽና በፀሐይ ሊመለስ የሚችለውን በመርዝ መመለስ፤ ለዱላ የማይበቃውን በመድፍ መምታት ነው።

ስለ ነፍሳት ሥቃይ

«ነፍሳት ሕመም ያውቃሉን?» የሚለው ጥያቄ የጨዋታ ጥያቄ ይመስል ነበር። ዛሬ ግን ሊቃውንት በጥብቅ ይመረምሩታል። በ2022 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በለንደን የሚገኙ ተመራማሪዎች ሕመም የመሰማት ምልክት የሚሆኑ ስምንት መመዘኛዎችን ይዘው ስለ ነፍሳት የተጻፈውን ሁሉ ሲመረምሩ፤ ያደጉ ዝንቦችና በረሮዎች ከስምንቱ ስድስቱን አሟልተው ተገኙ። ብል የሚቈጠርበት የቢራቢሮና የእሳት እራት ወገን ያሟላው ከዚህ ያነሰ ነው፤ ሆኖም ምንም አልተገኘበትም አልተባለም። ነገሩ ገና በምርመራ ላይ ነው። ብልህ ሰው ግን ጨለማ በሆነ ስፍራ ሲሄድ እግሩን ቀስ አድርጎ ያነሣል፤ ምናልባት የሚረግጠው ነገር ይኖራልና።

ይህ አሳብ ለአገራችን ሰው እንግዳ አይደለም። በአብያተ ክርስቲያናታችን ግድግዳ ላይ የአቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ ሥዕል ሲሣል፤ አንበሶችና ነብሮች በአጠገባቸው ሆነው፤ ወፍም ከዐይናቸው ስትጠጣ ይታያል። ይህን ሥዕል እያየ ያደገ ሕዝብ፤ ታናሽ ፍጥረት ጥማትና ሕመም እንዳለው ለማሰብ የባሕር ማዶ መምህር አያስፈልገውም።

«ሰው በሚቸገርበት አገር ስለ ብል ማሰብ ቅንጦት ነው» የሚል ተቃዋሚ ይነሣ ይሆናል። ይህ አነጋገር የሚናቅ አይደለም። ነገር ግን ርኅራኄ ያለበት መንገድ ርካሹም መንገድ መሆኑን ይመልከት። ፀሐይ አይሸጥም፤ ልብስ መራገፍም ገንዘብ አይጠይቅም፤ መርዝ ግን በገንዘብ ይገዛል። ደግሞም ብልን አስቀድሞ የከለከለ ሰው የሚገድለው ነፍስ የለም፤ ቸል ያለ ሰው ግን አንዲት እናት የጣለችው እንቍላል አድጎ፤ ከዚያ ሌላ ትውልድ ወጥቶ፤ በመጨረሻ ብዙ መቶ ትል በአንድ ጊዜ ለመግደል ይገደዳል። ስለዚህ የሥቃይ ምንጭ ቸልታ ነው እንላለን።

ስለ ሐርም አንድ ቃል እንጨምር። ሐር ራሱ የትል ሥራ ነው። የተለመደው ሐር የሚገኘው ትሉ ራሱን ጠቅልሎ ሳለ በትኩስ ውኃ ወይም በእንፋሎት ከተገደለ በኋላ ነው፤ አንድ ኪሎ ግራም ጥሬ ሐር ለማግኘትም ብዙ ሺህ ትል ይጠፋል። በብዙ ሺህ ነፍስ የተሠራውን የሐር ካባ በሣጥን ውስጥ እንዲበሰብስ መተው፤ የሠሪውንም የሰጪውንም የትሉንም ድካም ከንቱ ማድረግ ነው። አንድ ካባ መቶ ዓመት ቢጠበቅ ሌላ ካባ ማሠራት አያስፈልግም፤ ይህም ጥበቃ ራሱ ርኅራኄ ነው።

ሥራው እንዴት ይሁን

እንግዲህ በየቤቱ የሚኖሩ ወገኖችና የዕቃ ቤት ኃላፊነት ያለባቸው ቄሰ ገበዞች ሊያደርጉት የሚገባውን በአጭሩ እንጽፋለን።

፩ኛ። የሱፍና የሐር ልብስ ከመቀመጡ በፊት ይጽዳ። ብልን የሚስበው ላብና ቅባት፤ የምግብም ጠብታ ነው። ለማጠብ የማይመች ካባ በለስላሳ ብሩሽ በተለይ በአንገትጌው፤ በብብቱና በስፌቱ ይጠረግ።

፪ኛ። ልብስ በዓመት ሁለት ጊዜ፤ ይኸውም ክረምት ሳይገባ በግንቦትና ክረምት ከወጣ በኋላ በጥቅምት፤ ከሣጥን ወጥቶ ይመርመር። ባናና ብርድ ልብስ በፀሐይ ይሰጣ። የሐርና የከፋይ ልብሰ ተክህኖ ግን ፀሐይ ቀለሙን ስለሚያጠፋው በጥላ ሥር በነፋስ ይናፈስ። ጭስም የወርቀ ዘቦውን ክር ያጠቁራልና በጭስ ማጠን አይገባም።

፫ኛ። ንጹሕ ሆኖ የደረቀው ልብስ በታጠበ አቡጀዲ ተጠቅልሎ ጫፉ በሚገባ ይሰፋ፤ ከዚያም ክዳኑ አጥብቆ በሚገጥም ሣጥን ይቀመጥ። ያልጸዳ ልብስ በላስቲክ አሥሮ መተው ግን ብሉን ከነምግቡ መቈለፍ ነው።

፬ኛ። የዕቃ ቤቱ ማዕዘንና ምንጣፉ ሥር፤ የሣጥኑም ውስጥ ከጠጕርና ከአቧራ ይጠረግ። በጣራው ሥር የቆየ የወፍ ጎጆ ካለ የብል መኖሪያ ይሆናልና ይነሣ፤ ነገር ግን ጫጩቶቹ በርረው ከወጡ በኋላ ይሁን።

፭ኛ። ከሰልባጅ የተገዛ የሱፍ ልብስ፤ ከሌላ ቤት የመጣም ባናና ሥጋጃ፤ ሳይመረመርና ሳይጸዳ ከሌላው ልብስ ጋር አይቀላቀል። ብል ወደ ብዙ ቤት የሚገባው በዚህ በር ነው።

፮ኛ። ብል ገብቶ ከተገኘ ሥራው ፈጣንና ሙሉ ይሁን። ምሕረት መስሎ ማዘግየት ብዙ ትውልድ ማብዛት ነው። አስቀድሞ ልብሱ ከሌሎች ይለይ፤ ውጭ ወጥቶም ይራገፍ። ከዚያም ማቀዝቀዣ ማሽን ባለበት ስፍራ፤ ልብሱ በላስቲክ ተጠቅልሎ ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ በሚሆን ቅዝቃዜ ለሁለት ሳምንት ይቀመጥ። ነፍሳት በብርድ ጊዜ እየደነዘዙ እንቅስቃሴያቸውን ያቆማሉ፤ ስለዚህ ቀስ በቀስ ከሚያሠቃይ መርዝ ይህ የተሻለ ነው። መብራት ጠፍቶ ልብሱ ከሞቀ ቀኑ እንደ ገና ይቈጠር። ለመታጠብ የሚችል ልብስ ደግሞ 55 ዲግሪ በሚደርስ ሙቀት አንድ ሰዓት ቢቈይ ብሉ ከነእንቍላሉ ይጠፋል፤ ተኩሶ በእንፋሎት ማሸትም ወዲያው ይገድላል። በሙጫ የሚይዝ ወጥመድ ግን ወንዱን ብቻ ይዞ ለብዙ ሰዓት የሚያሠቃይ ነውና ለመከላከያ አንመርጠውም።

፯ኛ። ቄሰ ገበዙ የእያንዳንዱን ልብሰ ተክህኖ ስምና የሰጪውን ስም፤ የተመረመረበትንም ቀን በመዝገብ ይጻፍ። ተጽፎ የማይመረመር ዕቃ ይረሳል፤ የተረሳም ዕቃ የብል ድርሻ ይሆናል።

ፍጻሜ

የሁሉን መጨረሻ በአንድ ነገር እንዝጋ። ብል በሚለበስ ልብስ ላይ አይኖርም። በየሳምንቱ የሚለበስ ካባ፤ በየሌሊቱ የሚደረብ ባና፤ በየጊዜው ስለሚንቀሳቀስና ብርሃን ስለሚያየው ከብል ይድናል። የሚበላው የተከማቸው ነው። በሣጥናችን ውስጥ ሁለትና ሦስት ባና አጥፈን ለዓመታት ካስቀመጥን፤ በደጋው ብርድ የሚያንቀጠቅጠው ሽማግሌ ግን የሚደርበው ካጣ፤ ብሉ የሚበላው ከእኛ ይልቅ የእርሱን ልብስ ነው። ስለዚህ ከብል መከላከያ ሁሉ የሚበልጠው፤ ነፍስም የማይጠፋበት፤ ዋጋም የማይጠይቀው፤ የሚያስፈልገንን መልበስና የተረፈንን ለታረዘ መስጠት ነው።

አባቶቻችን ልብሰ ተክህኖውን እስከ ዛሬ አድርሰውልናል። የሚቀጥለው ኢዮቤልዩ ሲከበር ልጆቻችን ያንኑ ልብስ ያለ ቀዳዳ አውጥተው እንዲለብሱት፤ ሣጥኑ ዛሬ ይከፈት፤ ልብሱም ዛሬ ይራገፍ።